«ሥራ፦ የቤት እመቤት»
የመርካቶ ሴቶች የሥራ ታሪክና የሕክምና ካርድ

መግቢያ

በሕክምና ካርድ ላይ ከስም፣ ከዕድሜና ከአድራሻ ቀጥሎ «ሥራ» የሚል ክፍት ቦታ ይገኛል። ይህ ቦታ አንዳንድ ጊዜ ባዶውን ይቀራል፤ ሕመምተኛዋ ሴት ስትሆን ደግሞ ብዙም ጥያቄ ሳይቀርብላት «የቤት እመቤት» ተብሎ ይሞላል። ሌሊት ተነሥታ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች የምታስረክበው ሴት፣ ቀኑን ሙሉ በርበሬ ስትቀነጥስ የምትውለው፣ ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክማ የምትወርደው፣ በጉሊት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም መድባ የምትሸጠው፣ ሁሉም በካርዱ ላይ አንድ ሆነው ይገኛሉ። የመጀመሪያዋ ሳል፣ የሁለተኛዋ የዐይን መቆጣት፣ የሦስተኛዋ የማሕፀን መውረድ፣ የአራተኛዋ እየተመላለሰ የሚያስቸግራት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከየት እንደመጣ ግን ካርዱ አይናገርም።

በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለው ጣሊያናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1700 በሞዴና ከተማ የሠራተኞችን በሽታዎች የሚመለከት መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። በዚህ መጽሐፍ ከሂፖክራተስ ዘመን ጀምሮ ሐኪሞች ሕመምተኛውን እንዲጠይቁ ይመከሩ በነበሩት ጥያቄዎች ላይ አንድ ጥያቄ ጨመረ፤ ይኸውም የሕመምተኛው ሥራ ምን እንደሆነ መጠየቅ ነው። ስለ ሙያ ጤና የሚጽፉ ሁሉ ይህን ጥያቄ እንደ መነሻ ይጠቅሱታል። ብዙ ጊዜ የማይጠቀሰው ጉዳይ ራማዚኒ ከማዕድን ቆፋሪዎችና ከልዩ ልዩ የእጅ ባለሙያዎች ጎን ለጎን ለአዋላጆች፣ ለአጥቢ ሞግዚቶችና ለልብስ አጣቢዎች የየራሳቸውን ምዕራፍ መስጠቱ ነው። የሴት ሥራ ሥራ መሆኑና የራሱ በሽታ እንዳለው በሕክምና መጽሐፍ ውስጥ ከተጻፈ እነሆ ከ300 ዓመታት በላይ ሆኖታል።

በአዲስ አበባ ይህ ጥያቄ ከየትኛውም ሥፍራ ይልቅ የሚጠነክረው በአዲስ ከተማ፣ ማለትም በመርካቶ ነው። በዚህ ገበያ ውስጥ አሮጌ ዕቃ እየተጠገነ የሚሸጥበት ሠፈር «ምናለሽ ተራ» ይባላል። አጠራሩ በአነጋገሩ ለሴት የቀረበ ጥያቄ ነው። መርካቶ ሴቲቱን «ምን አለሽ?» ብሎ በሚጠይቅበት በዚህ አካባቢ፣ የጤና ተቋሙ «ምን ትሠሪያለሽ?» ብሎ ሳይጠይቅ መቅረቱ እንደምን ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ከመርካቶ በፊት

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ዋናው ገበያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ በአራዳ ነበር። ከተማይቱ በመሠረቷ የጦር ሠፈር ነበረች። የጦር ሠፈር ደግሞ ያለ ሴቶች ሥራ አያድርም። በዘመቻ ጊዜ እህሉን በድንጋይ ወፍጮ የሚፈጩት፣ ዳቦና እንጀራውን የሚጋግሩት፣ የጠጁን ጋን የሚሸከሙት፣ ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ነበሩ። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊትም ስንቁ የተዘጋጀው በእነዚህ ሴቶች እጅ ነው። ሠራዊቱ ከዘመቻ ሲመለስና በከተማይቱ ሲሠፍር ሥራው አብሮ ሠፈረ። በቤተ መንግሥቱ የእንጀራ ቤት፣ የወጥ ቤትና የጠጅ ቤት አገልግሎት በርካታ ሴቶች ተሰማርተው ነበር። ከግቢው ውጭም በየመንደሩ ጠላ ጠማቂዋ፣ አረቄ አውጪዋ፣ ፈታይዋና ፈጪዋ በዙ።

አዲስ አበባ ለሴቶች ሌላም መስሕብ ነበራት። በባላገር ትዳሯ የፈረሰባት ወይም ባልዋ የሞተባት ሴት መሬት ማግኘትና በሬ ጠምዳ ማረስ አይሆንላትም ነበር። በከተማ ግን አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ አንድ እንሥራና ጥቂት ጌሾ ይዛ ኑሮ መጀመር ትችላለች። የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1974 በኢትዮጵያ ስለ ሴተኛ አዳሪነት ታሪክ ያሳተሙት ጥናት፣ የከተሞች መስፋፋት፣ የወታደሩ ክምችትና የሴቶች ከገጠር መፍለስ እንደምን እንደተያያዙ ያሳያል። ስለዚህም የከተማይቱ ሴት ከመጀመሪያው ጀምሮ የራሷን እንጀራ አብሳይ ነበረች። በኋላ ዘመን በመዝገብ ላይ የሠፈረው «የቤት እመቤት» የሚለው ስም ከዚህ ታሪክ ጋር የሚስማማ አይደለም።

በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የባሕር ዛፍ ወደ አገር ገባ። ዛፉ ከተማይቱን ከማገዶ እጥረት ሲያድናት ለሴቶች አንድ ከባድ ሥራ ፈጠረ። ከእንጦጦ ተራራ ቅጠልና ጭራሮ ለቅሞ፣ በገመድ ጠፍሮ፣ በጀርባ አዝሎ ወደ ገበያ ማውረድ የሴቶች እንጀራ ሆነ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በዓለም የሥራ ድርጅት ድጋፍ የተካሄደ ጥናት እነዚህ ሴቶች በአንድ ጉዞ በአማካይ ከ30 ኪሎ ግራም በላይ እንደሚሸከሙ አሳይቷል። በኢትዮጵያ በተለያዩ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች ከባድ ሸክምን ከማሕፀን መውረድ ጋር በተደጋጋሚ አያይዘውታል። ሆኖም የማሕፀን መውረድ ያጋጠማት ሴት ወደ ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ ስንት ልጅ እንደወለደች ትጠየቃለች፤ ስንት ዓመት እንጨት እንደተሸከመች የሚጠይቃት ግን ጥቂት ነው።

የአዲስ ከተማ መመሥረት

የፋሺስት ጣሊያን ሠራዊት በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ከተማይቱን በዘር ለመክፈል ዕቅድ አወጣ። በፒያሳና በካዛንቺስ የጣሊያኖች መኖሪያና ንግድ ሲደራጅ፣ የአራዳው ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ «የአገሬው ተወላጆች ገበያ» ተብሎ ተሠየመ። በአካባቢው የተመሠረተው መንደርም «አዲስ ከተማ» ተባለ። መርካቶ የሚለው ስም ከዚያ የቀረ ነው። በዓለም ስሙ የገነነው ይህ ገበያ መነሻው መለያየት መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

መለያየቱ በሴቶች ላይ የበለጠ ከብዷል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1937 የወጣው ሕግ ጣሊያናዊ ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ 5 ዓመት በሚደርስ እስራት እንዲቀጣ ደነገገ። ትዳር መሰል ኑሮ ሲከለከል በመንግሥት ቁጥጥር ሥር የዋሉ የሴተኛ አዳሪ ቤቶች ግን ተፈቀዱ፤ በሴቶቹም ላይ የሕክምና ምርመራ ይካሄድ ነበር። ምርመራው የታሰበው የወታደሩን ጤና ለመጠበቅ ነው። ሴቲቱ በሕክምና መዝገብ የገባችው የበሽታ ምንጭ ተብላ እንጂ በሥራዋ ላይ እያለች የምትታመም ሰው ተብላ አልነበረም። ይህ አመለካከት ከወራሪው ጋር አብሮ አልወጣም፤ ከዚያ በኋላም ለብዙ ጊዜ ቆይቷል።

ነጻነት በ1933 ዓ.ም. ከተመለሰ በኋላ መርካቶ ወደ ቀድሞው ቦታው አልተመለሰም፤ ይልቁንም ሠፋ። ከጉራጌ አገር የመጡ ነጋዴዎች ቀስ በቀስ የገበያው ዐምድ ሆኑ። ንግዱ በየዓይነቱ ተለይቶ በተራ በተራ ተደለደለ፦ ሸማ ተራ፣ ድር ተራ፣ ቅቤ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ እህል በረንዳ። በዚህ ድልድል ውስጥ ሌላ የማይታይ ድንበር ነበረ። ሱቁ በአብዛኛው የወንድ፣ የሱቁ ደጃፍና ጉሊቱ በአብዛኛው የሴት ሆነ። የራሳቸው ሱቅና መጋዘን ያላቸው፣ በቅቤና በእህል ንግድ ስመ ጥር የሆኑ ሴቶች መኖራቸው እውነት ነው። ብዙኃኑ ግን ግብዓቱን ከሱቁ በዱቤ ወስደው፣ በማዳበሪያ ጆንያ ላይ ዘርግተው፣ ማታ ዕዳቸውን ከፍለው በቀረው ልጆቻቸውን የሚያበሉ ነበሩ፤ ዛሬም ናቸው።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት መሆኑ ለብዙዎቹ ሴቶች ትርጉም ነበረው። ቤታቸው የመሥሪያ ቦታቸውም ነበርና የቀበሌ ቤት ኪራይ ዝቅተኛ መሆኑ ለጠላ ጠማቂዋና ለእንጀራ ጋጋሪዋ መቋቋሚያ ሆነላት። በሌላ በኩል ክፍሏ ጠባብ፣ ምድጃዋና አልጋዋ በአንድ ጣሪያ ሥር መሆናቸው አልተለወጠም። በቀን ለሽያጭ የሚነደው እሳት ጢስ ማታ ሕፃኑ የሚተኛበት አየር ነው። እንግዲህ ለዚህች ሴት የሥራ ቦታና መኖሪያ ቤት ብሎ መለየት አይቻልም። መዝጋቢው «የቤት እመቤት» ሲላት ቤቱን አይቷል፤ በቤቱ ውስጥ ያለውን የሥራ ቦታ ግን አላየም።

የተራዎቹ ሥራና ሕመም

በድር ተራ የሚሸጠው ድርና ማግ ከጥንት ጀምሮ የሴት እጅ ውጤት ነው። ሸማኔው ወንድ ሲሆን ጥጡን የምትዳምጠው፣ የምታባዝተውና በእንዝርት የምትፈትለው ሴት ናት። የፋብሪካ ድር ከተስፋፋ በኋላ የእጅ ፈትል ቢቀንስም በማግ ረገድ እስካሁን ይፈለጋል። የጥጥ ብናኝ በሳንባ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በአገራችን የተጠናው በቤት ፈታዮች ላይ ሳይሆን በፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥናት፣ በጥጥ መንፊያና መዳመጫ ክፍሎች ከሚሠሩት መካከል ከሦስት አንድ በላይ የሚሆኑት ቢሲኖሲስ በተባለው የጥጥ ብናኝ የሳንባ ሕመም የተጠቁ መሆናቸውን አመልክቷል። በፋብሪካው የሚሠራውን ሐኪሙ በስም ዝርዝርና በፈረቃ ያገኘዋል፤ በቤቷ ጓዳ ለ30 ዓመት ጥጥ ስታባዝት የኖረችውን ሴት ግን በምን ዝርዝር ያገኛታል? ሳል ይዟት ስትመጣ ብቻ ነው።

በበርበሬ ተራ ደግሞ የዛላው ጉንጭ የሚቀነጠሰው፣ የሚለቀመውና የሚደለቀው በሴቶች ነው። በርበሬን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር የአየር ቧንቧን የነርቭ ጫፎች በመቀስቀስ ሳል እንደሚያስነሣ በሕክምና ዘንድ የታወቀ ነው፤ የሳል ስሜትን ለመለካትም በቤተ ሙከራ ያገለግላል። ይህን ብናኝ በየቀኑ ለሰዓታት የምትተነፍስ ሴት የአስም ወይም የአየር ቧንቧ ብግነት ምልክት ስታሳይ ስለ ሥራዋ ሳይጠየቅ ሕክምና ቢጀመርላት መድኃኒቱን እየወሰደች ወደ መንሥኤው ትመለሳለች። በርበሬው ያለ አግባብ ርጥበት ካገኘውና ከሻገተ ሌላ ጉዳት ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ1996 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ከአዲስ አበባ ከተሰበሰቡ 60 የበርበሬ ናሙናዎች በ8ቱ፣ ከ60 የሽሮ ናሙናዎች ደግሞ በ5ቱ ውስጥ አፍላቶክሲን ማግኘቱን አስታውቋል። ጥናቱ የተካሄደው ለበላተኛው ታስቦ ነው። በርበሬውን በእጇ የምታገላብጠውና ብናኙን የምትተነፍሰው ሴት ጉዳይም የዚያኑ ያህል ሊታሰብበት ይገባ ነበር።

እንጀራ ጋገራና አረቄ ማውጣት የጢስ ሥራዎች ናቸው። በማገዶ በሚበስልባቸው የአዲስ አበባ ቤቶች የተደረጉ ልኬቶች የደቃቅ ብናኝ መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ከሚመክረው ወሰን በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ መስፋፋት ይህን ጫና ለብዙ ጋጋሪዎች አቃልሏል፤ መብራት በሚጠፋበት ቀን ግን ደንበኛ አይጠብቅምና ማገዶው ይመለሳል። ሲጋራ አጭሳ የማታውቅ የ50 ዓመት ሴት ሥር የሰደደ የሳንባ መታፈን ሲታይባት ምንጩን ለማወቅ ከምጣድ አጠገብ ያሳለፈችውን ዘመን መቁጠር ያስፈልጋል።

ከሁሉም ሰፊው የጉሊት ሥራ ነው። በጉሊት ላይ ያለው አደጋ አንድ ስም የለውም። ፀሐይና ዝናብ፣ የመኪና ጢስ፣ ለሰዓታት አጎንብሶ መቀመጥ፣ ከዚያም በላይ መጸዳጃ ማጣት አለበት። ዕቃዋን ጥላ መሄድ የማትችል ሴት ውኃ ባለመጠጣትና ሽንቷን በመቋጠር ቀኑን ትገፋለች። አራስ ከሆነች ሕፃኑን ታቅፋ ትወጣለች፤ አለዚያም ለታላቅ እኅቱ ትታው ጡት ማጥባቱን ታቋርጣለች። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ እንድታጠባ የሚሰጣት ምክር ትክክለኛ ነው፤ ነገር ግን የት ተቀምጣ፣ በማን ኪሣራ እንደምታጠባ ካልታሰበበት ምክሩ ከጤና ጣቢያው በር አያልፍም።

ይህ ሁሉ ሥራ ዋስትና የለውም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የተነሣው የእሳት ቃጠሎ የመርካቶን ንግድ በአንድ ሌሊት ምን ያህል ሊያራቁት እንደሚችል አሳይቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ባለ ሱቁ ዕቃውን ያጣል፤ ከሱቁ በዱቤ የምትወስደው ቸርቻሪ ደግሞ የነገ ገበያዋን ታጣለች። መተማመኛዋ ዕቁብና ዕድር ናቸው። ታክማ ለመዳን የምታወጣው ገንዘብም ብዙ ጊዜ ከመነገጃዋ ላይ የሚቀነስ ስለሆነ ወደ ሐኪም የምትመጣው ሕመሙ ከጠና በኋላ ነው።

ከጠላ ቤት እስከ ቡና ቤት

በመርካቶ ሰባተኛ እየተባለ የሚጠራው አካባቢ በመጠጥ ቤቶቹና በሴተኛ አዳሪነት ለረጅም ጊዜ ሲታወቅ ኖሯል። በጠላ ቤት፣ በጠጅ ቤትና በቡና ቤት የምትሠራ ሴት የምትሸጠው መጠጥ ብቻ ነው ወይስ ሌላም የሚለው ጥያቄ ድንበሩ ግልጽ አልነበረም። ድኅነቱ ሲጠና ወይም የቤት ኪራይ ሲደርስ አንዲቱ ሥራ ወደ ሌላይቱ ትሸጋገራለች።

የኤች አይ ቪ ታሪክ የዚህን መዘናጋት ዋጋ በቁጥር አስቀምጧል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕመምተኞች የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። በ1989 በአዲስ አበባ ሴተኛ አዳሪዎች ላይ በተደረገ ምርመራ 24.7 በመቶው ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቷል። በ1998 በከተማይቱ ሁለት ጤና ጣቢያዎች በተካሄደ ጥናት ደግሞ ይኸው መጠን 73.7 በመቶ ደርሶ ነበር። በ2020 በ16 ከተሞች የተደረገው ጥናት 18.7 በመቶ አግኝቷል። ጥናቶቹ በቦታና በአሠራር ስለሚለያዩ አንዱን ከአንዱ በቀጥታ ማነጻጸር ባይገባም፣ የመካከለኛው ቁጥር የሚናገረው ግልጽ ነው። ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ከመያዛቸው በፊት እነዚህ ሴቶች በሌላ በሽታ፣ በሌላ ምክንያት፣ ለወሊድም ሆነ ለልጅ ክትባት ወደ ጤና ተቋማት ሳይመላለሱ አልቀሩም። ሥራቸው ያለ ኀፍረትና ያለ ወቀሳ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ በሙያቸው ላይ ያጠላው አደጋ ቀደም ብሎ ሊነገራቸው በተቻለ ነበር። በኋላ የመጣው መሻሻል ሴተኛ አዳሪዋን የበሽታ ምንጭ አድርጎ ከማየት ይልቅ በሥራዋ ምክንያት ለበሽታ የተጋለጠች ሰው አድርጎ ከመቅረብ ጋር የተያያዘ ነው።

ከአውቶቡስ ተራ የምትወርደው ልጅ

አውቶቡስ ተራ ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት የአገር አቋራጭ አውቶቡሶች ዋና መናኸሪያ ሆኖ አገልግሏል። ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከጎንደርና ከደቡብ የምትመጣ ልጅ የከተማይቱን መሬት ትረግጥ የነበረው በመርካቶ ነበር። ደላላው ይጠብቃታል፤ የመጀመሪያ ሥራዋም የቤት ሠራተኛነት ነው። ቀድሞ «ገረድ» ይባል የነበረው ይህ ሥራ ስሙ ቢለወጥም የሥራ ሰዓት ወሰን፣ የዕረፍት ቀንና የሕመም ፈቃድ ሳይኖረው ኖሯል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሠራተኛው በአሠሪው ቤት የሚኖር ሲሆን አሠሪው በመኖሪያው፣ በምግቡ፣ በሥራና በዕረፍት ሰዓቱ ረገድ የሠራተኛውን ጤናና ክብር ለመጠበቅ ተገቢውን ሁሉ እንዲያደርግ ያዛል። ድንጋጌው መልካም ነው፤ ሆኖም ልጅቱ ድንጋጌውን አታውቀውም፤ አሠሪዋም አያነበውም። ከዚያ በኋላ የወጡት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጆች ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን ከወሰናቸው ውጭ አድርገውታል።

በ1998 ዓ.ም. በመርካቶ አካባቢ የተጀመረው «ብሩህ ተስፋ» የተባለ ፕሮግራም ለጤና ባለሙያዎች የሚጠቅም ትምህርት ይሰጣል። ፕሮግራሙ የተቋቋመው በአዲስ አበባ የወጣቶችና ስፖርት አካላትና በፖፑሌሽን ካውንስል ትብብር ሲሆን ከትምህርት ቤት ውጭ የሆኑ ልጃገረዶችን ማንበብና መጻፍ፣ የጤናና የሕይወት ክህሎት ያስተምር ነበር። ልዩ ያደረገው ልጆቹ እስኪመጡ አለመጠበቁ ነው። ከየሠፈሩ የተመለመሉ ሴቶች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ፣ አሠሪዎችን እያግባቡ፣ የቤት ሠራተኛ ሆነው በየጓዳው ያሉትን ልጆች አገኟቸው። ለሕክምና የሚያገለግል ማስረጃም ይሰጣቸው ነበር። በቤተ ዘመድ ስም ያልተመዘገበች፣ የቀበሌ መታወቂያ የሌላት ልጅ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ መጀመሪያ የሚያውቃት ሰው ያስፈልጋታል። ፕሮግራሙ ይህን ተረድቶ ነበር።

ደመወዝተኛዋና ሕጉ

ከጓዳና ከጉሊት ውጭ ለሴቶች የተከፈተው ሌላው መንገድ የደመወዝ ሥራ ነው። በ1924 ዓ.ም. የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ለመምህርነትና ለቢሮ ሥራ በር ከፈተ። የነርስነት ሙያ ደግሞ ልዕልት ፀሐይ በለንደን ተምረው ሙያውን ከያዙና በ1934 ዓ.ም. በለጋ ዕድሜያቸው ካረፉ በኋላ በስማቸው በተቋቋመው ሆስፒታልና በሌሎች ትምህርት ቤቶች አማካይነት ተስፋፋ። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎችና በቡና ማበጠሪያ መጋዘኖችም በርካታ ሴቶች ተቀጠሩ፤ ቡና ለቀማ እስካሁን በአብዛኛው የሴት ሥራ ነው።

ሕጉም በዚያው መጠን ተራመደ። ኢትዮጵያ በሥራና በሙያ አድልዎን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥር 111 በ1958 ዓ.ም.፣ ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያን የሚደነግገውን ቁጥር 100 ደግሞ በ1991 ዓ.ም. አጽድቃለች። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የወሊድ ፈቃድን ከሙሉ ደመወዝ ጋር መብት አደረገ። በአዋጅ ቁጥር 377/1996 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን የነበረው ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 በጠቅላላው ወደ 120 ቀን አድጓል። ነፍሰ ጡር ሴት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በሥራ ላይ እንዳትሰማራም ሕጉ ይከለክላል።

እነዚህ ድንጋጌዎች ትልቅ እርምጃዎች ናቸው። ነገር ግን የሚጠብቁት አሠሪ ያላትን ሴት ነው። በ1997 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ የሠራተኛ ኃይል ጥናት በከተሞች የሴቶች ሥራ አጥነት ከወንዶቹ ሁለት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ደመወዝተኛ መሆን ያልቻለችው ሴት እንጀራዋን በጉሊት ትፈልጋለች። ሌሊት በ9 ሰዓት ሊጥ የምታሟልጠው ነፍሰ ጡር ጋጋሪ የሌሊት ሥራ ክልከላውም፣ የ120 ቀኑ ፈቃድም አይደርሳትም። በወለደች በጥቂት ሳምንት ወደ ምድጃዋ ትመለሳለች። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ መደበኛውን ሠራተኛ ይመለከታል። በ2003 ዓ.ም. በጥቂት ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ በኋላ አዲስ አበባን ጨምሮ የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ግን ለእርሷ የታሰበ ነው። በመሆኑም የሕመምተኛዋን ሥራ ማወቅ ለምርመራ ብቻ ሳይሆን የትኛው መድን እንደሚመለከታት ለመምራትም ያገለግላል።

የጤናው ዘርፍ ራሱ ከሴቶች ቀጣሪዎች አንዱ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30,000 በላይ ሴቶችን በመንግሥት ደመወዝ አሠማርቷል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ወደ ከተሞች ደርሷል። በአዲስ ከተማ የእንጀራ ጋጋሪዋን ቤት የምታንኳኳው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በዕድልና በትምህርት አጋጣሚ በሌላው ወገን የቆመች ሠራተኛ ናት። ምድጃውን በዐይኗ የምታየው፣ ጆንያውን በእጇ የምታነሣው እርሷ ስለሆነች በጤና ተቋሙ ካርድ ላይ ያልተጻፈውን ሥራ ለማወቅ ከማንም በላይ ትቀርባለች።

መደምደሚያ

ከአራዳ እስከ መርካቶ ያለው ታሪክ የሚያሳየው የአዲስ አበባ ሴት ሥራ ያልፈታች መሆኗን፣ ሥራዋ ግን ከመዝገብ ውጭ መቅረቱን ነው። ለዚህም ምክንያቶቹ ተደራራቢ ናቸው። የሥራ ቦታዋ ቤቷ በመሆኑ አልታየም። አሠሪ ስለሌላት ሕግ አልደረሰላትም። አንዳንዱ ሥራ ነውር ተብሎ ስለተቆጠረ እርሷም ደብቃዋለች። ብዙ ጊዜ ደግሞ ራሷ ሥራ ብላ አትጠራውም፤ ቢጠይቋት «ምን ሥራ አለኝ፣ እንዲያው እሞካክራለሁ» ትላለች።

ስለሆነም ጥያቄው በአግባቡ መቅረብ አለበት። «ሥራ አለዎት?» የሚለው ጥያቄ የሚያመጣው «የለኝም» የሚል መልስ ነው። «ጧት ሲነሡ ቀኑን በምን ያሳልፋሉ? ለሽያጭ የሚያዘጋጁት ነገር አለ? ምን ይሸከማሉ? ምን ጢስና አቧራ ያገኝዎታል? ስንት ዓመት ሆነዎት? ከዚህ በፊትስ ምን ይሠሩ ነበር?» የሚሉት ጥያቄዎች ከሁለት ደቂቃ በላይ አይወስዱም። በተጨናነቀ የተመላላሽ ክፍል ውስጥ ሁለት ደቂቃ ቀላል እንዳልሆነ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ምክንያቱ ያልታወቀ ሳል ሦስት ጊዜ ከሚመላለስ፣ አንድ ጊዜ በሚገባ ቢጠየቅ ለባለሙያውም ለሕመምተኛዋም ይቀላል።

መልሱ ከተገኘ በኋላም በካርዱ ላይ እንዳለ መጻፍ ይገባዋል፤ «እንጀራ ጋጋሪ፣ በማገዶ፣ 20 ዓመት»፣ «በርበሬ ቀንጣሽ»፣ «እንጨት ተሸካሚ» ተብሎ። ያን ጊዜ በካርድ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ የሚከማቸው ወረቀት የአዲስ ከተማ ሴቶች የሥራ ታሪክ ይሆናል። ነገ የሚመጣ ተመራማሪ የበርበሬ ተራን ሳል ወይም የእንጦጦን ሸክም ለማጥናት ሲነሣ የሚከፍተው መዝገብ ይኖረዋል። ዛሬ ካርዱን ይዛ ተራዋን የምትጠብቀው ሴት ደግሞ ከሐኪሙ ፊት ስትቀርብ ከነሥራዋ ትታወቃለች።